ከአጥሩ ውጭ ያለው ኮረብታ

(በሐዋሳ ከተማ ለነዋሪዎችና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ከትምህርታችሁ ሰዓት ቀንሳችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን አላችሁ።

እኔ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነኝ። ወደ ቻይና የሄድኩት የማቅለሚያ ክፍል ፍሳሽ እንዴት እንደሚጣራ ለመማር ነበር። ሦስት ወር ተቀምጬ የተላክሁበትን ተምሬ ተመልሻለሁ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት በልቤ አልወጣ ያለው ግን አንድ ትንሽ ኮረብታ ነው። ዛሬ የመጣሁት ስለ እርሱ ልነግራችሁ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ከተማዋን ላስተዋውቃችሁ። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ ዉሺ ትባላለች። በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር በታይሁ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ትገኛለች። ከሻንጋይ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ በአስተዳደሯ ሥር ወደ 7.5 ሚሊዮን ሰው ተቆጥሯል። ስሟን የሚያብራራ አንድ የቆየ አፈ ታሪክ አለ። ከከተማዋ ጎን ያለው የሺሻን ኮረብታ በጥንት ዘመን የቆርቆሮ ማዕድን ይወጣበት ነበር፤ ማዕድኑ ተቆፍሮ ሲያልቅ ሰዎች ቦታውን «ዉሺ»፣ ማለትም «ቆርቆሮ የለም» አሉት ይላሉ። የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ ትርጓሜ አይስማሙም። ሕዝቡ ግን ታሪኩን ይወደዋል፤ እኔም ወደድኩት። ያለቀበትን ነገር ስሙ አድርጎ የሚኖር ከተማ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

የደረስኩት በመጋቢት መጨረሻ ነው። ዩዋንቶውጁ በሚባለው፣ እንደ ኤሊ ራስ ወደ ሐይቁ በገባው የብስ ላይ የቼሪ ዛፎች አብበው ነበር። ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች ነው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ነጭና ሐምራዊ አበባ እየረገፈ ውሃው ላይ ይተኛል። ሰው ዣንጥላውን ዘርግቶ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አያቱን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ይመጣል። እኔም ከሕዝቡ ጋር ቆሜ ሐይቁን ስመለከት መጀመሪያ ያሰብኩት የእኛን ሐይቅ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ በፍቅር ሐይቅ በኩል የሚንሸራሸረው ሰው እና የዚያ ቦታ ሰው አካሄዳቸው አንድ ነው። ውሃ ዳር ያደገ ሰው ሲራመድ አይቸኩልም።

አሁን ወደ ኮረብታው ልምጣ።

በኹዊሻን ተራራ ግርጌ ጂቻንግ ዩዋን የሚባል አሮጌ አፀድ አለ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ቺን ጂን የተባለ ባለሥልጣን ለራሱ መኖሪያ የሠራው ነው። ከጥቂት መቋረጥ በቀር እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በዚያው በቺን ቤተሰብ እጅ ቆይቶ በ1952 ለመንግሥት ተሰጠ። ስፋቱ አንድ ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። እኛ አገር አንድ ገበሬ በሬውን ጠምዶ በጥቂት ቀናት አርሶ የሚጨርሰው መሬት ማለት ነው። ይሁን እንጂ ካንግሺና ቺያንሎንግ የተባሉት ሁለቱ ነገሥታት ወደ ደቡብ በተጓዙ ቁጥር ደጋግመው ጎብኝተውታል። ቺያንሎንግማ በጣም ስለወደደው ቤጂንግ ባለው የበጋ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አምሳያውን አሠርቷል።

አፀዱ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ውሃ ነው። ከትልልቅ ቢጫ ድንጋዮች መካከል የተቆረጠ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ስሙ «የስምንት ድምፆች ሸለቆ» ነው። ከተራራው ሥር የሚፈልቀው የምንጭ ውሃ በዚያ ድንጋይ መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ድምፁ ይለወጣል። አንዱ ጋ ያንሾካሹካል፣ አንዱ ጋ እንደ ከበሮ ይመታል። ምንጩ ራሱ ባለ ታሪክ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሻይ ሊቅ ሉ ዩ የአገሩን ምንጮች ውሃ እየቀመሰ ደረጃ ሲያወጣ ይህንን ሁለተኛ አደረገው ይባላል። እስከ ዛሬም «ከሰማይ በታች ሁለተኛው ምንጭ» እየተባለ ይጠራል። ቡና የምናፈላ ሰዎች ነንና ውሃን ቀምሶ ደረጃ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል።

ከሸለቆው ወጥታችሁ ኩሬው ዳር ስትደርሱ ግን እግራችሁ በራሱ ይቆማል። በዛፎቹ ጫፍ ላይ፣ ከአጥሩ ባሻገር፣ የሺሻን ኮረብታ ይታያል። አናቱ ላይ የሎንግጓንግ ግንብ ቆሟል። ኮረብታውም ግንቡም ከአፀዱ ውጭ ናቸው፤ የቺን ቤተሰብ አልነበሩም። አፀዱን የሠራው ሰው ግን ኩሬውን ያስቆፈረበት አቅጣጫ፣ ዛፎቹን የተከለበትና ያልተከለበት ቦታ፣ የአጥሩ ከፍታ፣ ሁሉም ኮረብታው ከአፀዱ ውስጥ የበቀለ እስኪመስል ድረስ የታሰበ ነው። ግንቡ ተገልብጦ ኩሬው ውስጥ ይታያል። የቻይና አፀድ ሠሪዎች ይህን ጥበብ ጂዬጂንግ ይሉታል፤ ዕይታን መዋስ ማለት ነው።

መዋስ የሚለውን ቃል አስጎብኚያችን ስትናገር ልቤ ቆመ። ቅርጫት፣ ወንፊት፣ መጥረቢያ ተዋውሰን ነው ያደግነው። እናቴ የተዋሰችውን ወንፊት ስትመልስ አራግፋና ጠርጋ ነበር የምትልከኝ። ኮረብታ መዋስ ግን ሰምቼ አላውቅም። ቆሜ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። የዚህ አፀድ ባለቤት ያንን ኮረብታ ሊገዛው አይችልም፤ ሊያጥረውም አይችልም። አንድ ሰው ኮረብታው ላይ ድንጋይ ቢፈልጥ፣ ፊት ለፊት ረጅም ሕንፃ ቢያቆም፣ በአጥር ውስጥ ያለው አፀድ ምንም ሳይነካ ይበላሻል። የአፀዱ ውበት ግማሹ ያለው የእርሱ ባልሆነ ነገር ላይ ነው። ለአምስት መቶ ዓመታት ያንን ዕይታ አንድ ሰው ሲጠብቀው ኖሯል ማለት ነው።

ይህንን ይዤ ነው ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዎቹን ያየሁት።

ዉሺ በፋብሪካ የከበረችው ትናንት አይደለም። ታላቁ ቦይ በመካከሏ ያልፋል። እህልና ሐር ጭነው በዚያ የሚያልፉ ጀልባዎች ከተማዋን ከአገሪቱ ትልልቅ የሩዝ ገበያዎች አንዷ አድርገዋት ነበር። በ1895 የመጀመሪያው የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ተቋቋመባት። ከዚያ ሮንግ ዞንግጂንግና ሮንግ ደሸንግ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች መጡ። በ1900 ከሌሎች ጋር ገንዘብ አዋጥተው የዱቄት ወፍጮ መሠረቱ፤ በ1902 መፍጨት ጀመረ። ቀጥለው ወደ ጥጥ ገቡ። በአንድ ትውልድ ውስጥ አገሩ «የዱቄት ንጉሥና የጥጥ ንጉሥ» ብሎ የሚጠራቸው ባለጸጎች ሆኑ። የደሸንግ ልጅ ሮንግ ዪረን ከብዙ ዘመን በኋላ ከ1993 እስከ 1998 የቻይና ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። የማውሺን ዱቄት ፋብሪካቸው ቀይ ጡብ ሕንፃ በጦርነት ፈርሶ እንደገና የተሠራ ሲሆን ዛሬ ቦዩ ዳር ሙዚየም ሆኖ ቆሟል። ወፍጮዎቹ፣ የእንጨት መንሸራተቻዎቹ፣ የሂሳብ መዝገቦቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከቤተ መንግሥት ይበልጣል፤ ግማሽ ቀን ውዬበታለሁ።

እነዚህ ወንድማማቾች በ1912 ሌላ ነገር ጀመሩ። ከሐይቁ አቅራቢያ ባለ ተዳፋት ላይ መሬት ገዝተው በሺዎች የሚቆጠሩ የሜይ ዛፎችን ተከሉና ሜይዩዋን የተባለውን አፀድ ሠሩ። የሜይ ዛፍ ቅዝቃዜው ገና ሳይለቅ የሚያብብ ነው። አፀዱንም ለሕዝብ ክፍት አደረጉት። የጂቻንግ አፀድ አጥር ነበረው፤ የዱቄት ነጋዴዎቹ አፀድ ግን በሩ ለሠራተኛውም ለመንገደኛውም ተከፈተ። ደሸንግ 60 ዓመት ሲሞላው ለልደቱ የተሰበሰበውን ገንዘብ ለድግስ አላዋለውም። በ1934 ባውጂዬ የሚባለውን ድልድይ በሊሁ ውሃ ላይ አሠራበት። ድልድዩ ለ60 ዓመቱ 60 ቀዳዳዎች አሉት። ከ60 ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ከጎኑ ሁለተኛ ድልድይ አሠራ። በሁለቱም ላይ በእግሬ ሄጃለሁ፤ በየቀኑ መኪና ያልፍባቸዋል፤ ሰው ዓሣ ሲያጠምድ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሲያይ ይቆምባቸዋል። ስለ ባለሀብትና ስለ ከተማ በተነሳ ቁጥር እኔ የማነሳው ያንን ድልድይ ነው።

የዛሬው ኢንዱስትሪ ሌላ ዓለም ነው። የኮሪያው ኤስኬ ሃይኒክስ ከ2006 ጀምሮ የኮምፒውተር ሜሞሪ ቺፕ ያመርትባታል። በ2001 የተቋቋመው ሰንቴክ የፀሐይ ኃይል ፓነል እየሠራ በ2005 በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ፤ ከዓለም ቀዳሚዎች አንዱ ከሆነ በኋላ በ2013 የዉሺው ኩባንያ ከሰረ። በ2016 ደግሞ እዚያ ባለው የሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል የተተከለው ማሽን የዓለም ፈጣኑ ተባለ። ቻይና ውስጥ በተነደፉ ቺፖች የሚሠራ ሲሆን በሴኮንድ 93 ሺህ ትሪሊዮን ስሌት ይሠራል። ለሁለት ዓመት ቀዳሚ ሆኖ ቆየ። ስሙን ምን ብለው እንዳወጡለት ታውቃላችሁ? «የታይሁ ብርሃን»። በዓለም ላይ ካለ ማሽን ሁሉ የፈጠነውን ማሽን በሐይቃቸው ስም ጠሩት። ሐይቁ በዚያን ጊዜ ገና ከሕመሙ አልዳነም ነበር።

ስለ ሕመሙ ልናገር።

ታይሁ ሰፊ ነው፤ ወደ 2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሐይቅ ሳይሆን ሰፊ ሳሕን ብትሉት ይቀላል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዙሪያው ባሉ መንደሮች ሁሉ ትንንሽ ፋብሪካዎች ፈሉ፤ ማቅለሚያ፣ ኬሚካል፣ ወረቀት። ገበሬው ማዳበሪያውን ጨመረ፤ ከተማው ፍሳሹን ለቀቀ። መንደሩ በለጸገ፣ ቤቱ ፎቅ ሆነ፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ይህንን ብልጽግና ማንም ሊንቀው አይገባም፤ ሰዎችን ከድህነት ያወጣ ነው። ሐይቁ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ሆነባቸው። ከማዳበሪያውና ከፍሳሹ የመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ አልጌ የሚባለውን ውሃ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር የሚመግበው፣ በየዓመቱ ተከማቸ። በግንቦት 2007 መጨረሻ፣ ሙቀቱ ቀድሞ በገባበት፣ የውሃው መጠን በቀነሰበት ዓመት፣ አልጌው እንደ አረንጓዴ ቀለም ውሃውን ሸፈነው። በስብሶም ወደ መጠጥ ውሃ መሳቢያው ደረሰ። ወደ ሁለት ሚሊዮን ሰው ቧንቧውን ሲከፍት የሸተተ ውሃ ወረደለት።

እኛን ታስተምር የነበረች አንዲት መምህርት ያንን ሳምንት አጫውታኛለች። ልጇ የአምስት ወር ሕፃን ነበር። የታሸገ ውሃ ከሱቁ መደርደሪያ ላይ አልቋል፤ የተገኘውም ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ልጇን የምታጥበው በአንድ ጠርሙስ ውሃ ነበር፤ እጥበቱን በጣሳ ተቀብላ ወለል ትጠርግበት ነበር። «ከመስኮታችን ሐይቁ ይታያል» አለችኝ። «ውሃ እያየን ውሃ ጠማን።» ይህንን ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ የእኔ ዓይን ግን እንባ ሞላ።

ያ ቀን እንደሚመጣ ከብዙ ዓመት በፊት ሲናገር የኖረ ሰው ነበር። ዉ ሊሆንግ ይባላል፤ ከዉሺ አስተዳደር ሥር ካለችው ከዪሺንግ ነው። ከፋብሪካ የሚለቀቀውን ውሃ በጠርሙስ እየቀዳ፣ ፎቶ እያነሳ፣ ለባለሥልጣናት አቤቱታ ሲያቀርብ ኖረ። አልጌው ከተማዋን ከማስጠማቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ታሰረ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ገንዘብ በማስፈራራት ተቀብሏል ተብሎ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ዉሺን እወዳታለሁ፤ ለዚህም ነው ይህንን ሳልናገር ማለፍ የማልችለው። የተዋስነው ነገር እየተበላሸ መሆኑን የሚነግረን ሰው ጠላታችን አይደለም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ግን ትልቅ ሥራ ነው። በርካታ ትንንሽ የኬሚካል ፋብሪካዎች ተዘጉ። የፍሳሽ ማጣሪያዎች ተገነቡ። ከያንግትዜ ወንዝ ውሃ ወደ ሐይቁ ማስገባቱ ተጠናከረ። ከ2020 ጥቅምት ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዓሣ ማስገር ተከልክሏል። የታይሁ «ሦስቱ ነጮች» የሚባሉት፣ ነጭ ዓሣው፣ የብር ዓሣውና ነጭ ሽሪምፑ፣ የከተማዋ ኩራት ለሆኑ ሰዎች ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የእኛ ሰው አሞራ ገደል ሄዶ ትኩስ ዓሣ ሾርባ ለአሥር ዓመት አይገኝም ቢባል ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ይህም ሁሉ ሆኖ አልጌው ሙቀት ሲገባ ዛሬም ይመጣል። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ እንደ መሐንዲስ በጣም ነው ያስደነገጠኝ። ለሠላሳ ዓመት የገባው ፎስፈረስ ከሐይቁ ወለል ደለል ውስጥ ተቀምጧል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደለሉ ይበጠበጣል፤ ፎስፈረሱም ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣል። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም ቢሆን ዕዳው እየተከፈለ ነው። በግንቦት ወር በጀልባ ስንሄድ አልጌ የሚሰበስቡ መርከቦች አየሁ። እንደ ቫኩም መጥረጊያ ከላይ ከላይ እየመጠጡ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይወስዱታል። ሌሎች ደግሞ ደለሉን ከታች ያወጣሉ። ይህ ሥራ በየዓመቱ ነው፤ መቼ እንደሚያበቃ የነገረኝ ሰው የለም።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ፤ ግንኙነቱ ከምታስቡት በላይ ቅርብ ነውና። ከዉሺ አስተዳደር ሥር ካለችው ከጂያንግዪን ከተማ የመጣው የሱፍ ጨርቅ አምራች ጂያንግሱ ሰንሻይን በአዳማ ፋብሪካ ተክሏል። የዱከምን የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የገነቡትም የዚያው የጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ሰዎች ናቸው። የእነዚያ ከተሞች ሥራ ወደ እኛ እየመጣ ነው፤ ደስ ይለኛል፤ እንጀራዬም ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ እዚያ ነበርኩ። ፓርኩ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ውጭም እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተነደፈው። ይህ ዉሺ ከሕመም በኋላ የተማረችውን እኛ ከመጀመሪያው የያዝንበት ነው፤ ልንኮራበት ይገባል፤ ማሽኑ ሳይቋረጥ እንዲሠራም በየቀኑ ልንጠይቅ ይገባል።

ነገር ግን አስተውሉ። ታይሁ መውጫ አለው፤ ውሃው በወንዞች አድርጎ ወደ ሻንጋይና ወደ ባሕር ይወጣል። የእኛ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚወጣ ወንዝም የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለሐዋሳ ሐይቅ ከያንግትዜ ውሃ አምጥቶ የሚያጥብለት የለም። ደግሞ ጉዳዩ የፋብሪካ ብቻ አይደለም። ከእርሻው የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከተራቆተው ዳገት የሚወርደው አፈር፣ ከየግቢያችን ወደ ጎርፍ መውረጃ የምንደፋው ሁሉ መድረሻው አንድ ነው። የጣና ሐይቅ ወገኖቻችን ከ2011 ጀምሮ እምቦጭን ሲነቅሉ በእጃቸው፣ በጀልባ፣ በማሽን ምን ያህል እንደደከሙ በቴሌቪዥን አይተናል።

ከዉሺ ይዤ የመጣሁት አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ እባካችሁ አብሩልኝ። ይህ ቺንግሚንግ ድልድይ አጠገብ ያነሳሁት ሰሌዳ ነው። ከ2007ቱ ቀውስ በኋላ ዉሺ ለእያንዳንዱ ወንዝና ቦይ አንድ ኃላፊ መደበች፤ የወንዝ አለቃ ይሉታል። ሰሌዳው ላይ የወንዙ ስም፣ ርዝመቱ፣ የአለቃው ስምና ሥልጣን፣ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ውሃው ሲመረመር ውጤቱ በዚያ ሰው የሥራ ምዘና ውስጥ ይገባል። በ2016 መጨረሻ መንግሥት ለመላው አገሪቱ መመሪያ አደረገው። አንድ አዛውንት ሰሌዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ደውለው ያውቁ እንደሆነ በአስተርጓሚ ጠየቅኳቸው። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ አሉኝ፤ አንዴ ለሞተ ዓሣ፣ አንዴ ደግሞ ከአንድ ምግብ ቤት ወደ ቦዩ ለሚፈስስ ዘይት። መጥተው ነበር ወይ አልኳቸው። ለዘይቱ በማግስቱ መጡ፤ ለዓሣው ግን አልመጡም አሉ፤ ደግሜ መደወል ነበረብኝ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ወደ ሐይቃችን ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ «ጥቁር ውሃ» የሚባለው ነው። በየሳምንቱ በመኪና እንሻገረዋለን። ከድልድዩ ጥግ ላይ እንዲህ ያለ ሰሌዳ እንዲተከል የሚጠይቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለከተማው አስተዳደር የሚቀርብ ነው። በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ከእስክሪብቶ ጋር ተቀምጧል። አንብባችሁ የምትስማሙ ፈርሙበት፤ የምትጨምሩት ካለም ከሥሩ ቦታ ትቻለሁ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ፤ ከኋላ ካሉት ተማሪዎች እንጀምር።